ራዕዩስ ጸደቀ፤ ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ዕድሜ የሰጠው ሰው የማይሰማው የለም። ስንት ዘመን ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ደጃፌ ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ ፀሐይ በምሞቅበት ሰዓት «ባለድርሻ አካል ነዎት» ተባልኩ። ድርሻዬ ምን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንዝ ውስጥ፣ ጓሳ ከሚባለው የሣር ምድር አጠገብ፣ ማኅበረሰቡን ማዕከል ያደረገ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይሠራ የሚል ሐሳብ ተነሣ። ሐሳቡ ሸጋ ነው፤ ከሱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከዕቅዱ ጋር ነው። የአምስት ዓመቱ ስትራቴጂክ ዕቅድ የሚወጣው የት መሰላችሁ? ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር፣ ሆቴል ውስጥ! «ምነው እዚሁ መሐል ሜዳ ብናደርገው?» ብዬ ብጠይቅ፣ ፕሮጀክተር የሚሰቀልበት አዳራሽ የለም፣ መብራትም ይቆራረጣል አሉኝ። እሺ፣ ሙዚየሙ ተሠርቶ ሲከፈት መብራቱ ማንን አፍሮ ሊመጣ ነው? ይህን ስል ሰብሳቢው ማስታወሻ ያዘ። ያ ሰው ማስታወሻ ሲይዝ ነገሩ እዚያው እንደሚቀበር የገባኝ ኋላ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ለራዕይ ተሰጠ። ድሮ ራዕይ የሚያይ ባሕታዊ ነበር፤ ስንት ሱባዔ ገብቶ፣ ጥሬ ቆርጥሞ። ዛሬ በሻይ እረፍትና በምሳ መካከል ይታያል። ሙዚየሙ «በአፍሪካ ተመራጭ» ይሁን ወይስ «በአፍሪካ ቀዳሚ» በሚለው ላይ አዳራሹ ለሁለት ተከፍሎ ክርክሩ ጦፈ። አንድ ደግ ሰው «በምሥራቅ አፍሪካ ብንለውስ?» ብሎ ሊያስታርቅ ቢሞክር ሁለቱም ወገን ተቆጣው። እስቲ አስቡት፤ ግድግዳ የለው፣ ጣሪያ የለው፣ አንዲት የአይጥ ራስ ቅል እንኳ በስሙ ያልተመዘገበችለት ሙዚየም የናይሮቢን ሙዚየም አስከትሎ ሲሄድ! ለአፍ ዳገት የለውም። የጓሳን ዳገት በእግራችን የምናውቅ ጥቂቶች ግን ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነበር የተቀመጥነው።

አወያይዋ ልጅ፣ እውነት ለመናገር፣ ጨዋ ናት። «አባባ» ትለኛለች፤ ወንበር ታቀርብልኛለች። ከሰዓት በኋላ ለየሰዉ አንዳንድ ቢጫ ወረቀት፣ ከጀርባው ሙጫ ያለውን፣ አደለችና «ሙዚየሙን በአንድ ቃል ግለጹት፣ ግድግዳው ላይ ለጥፉት» አለች። ሰዉ «ብልጽግና»፣ «ቅርስ»፣ «ማንነት»፣ «ቱሪዝም» እያለ ለጠፈ። እኔ «ቁልፍ» ብዬ ጻፍኩ።

«ቁልፍ! በጣም ግሩም ነው» አለች ልጅቷ። «አባባ ሊሉ የፈለጉት ሙዚየሙ በአካባቢው ልማት ቁልፍ ሚና ይጫወታል ነው።»

«የለም ልጄ፣ የበሩን ቁልፍ ነው ያልኩት። ማን ይይዘዋል?»

አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልቀለድኩም። ወረቀቴን ግን ከግድግዳው አንሥተው «ወደፊት የሚታዩ ጉዳዮች» የሚል ሌላ ሰሌዳ ላይ ለጠፉት፤ እዚያም ብቻውን ዋለ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ፍረዱኝ። በአገራችን ሙዚየም ሊያይ ሄዶ «ቁልፍ ያዡ የለም» ያልተባለ እጁን ያውጣ። ቁልፍ ያዡ ወይ ወረዳ ስብሰባ ላይ ነው፣ ወይ ለቅሶ ሄዷል፣ ወይ ደግሞ ምሳ ወጥቶ ምሳው አልወጣለትም። የመንዝ ገበሬ ከተማ የሚመጣው በገበያ ቀን ነው። ከእርሻው የሚያርፈው በሰንበት፣ በማርያምና በሚካኤል ነው። ሙዚየሙ የቢሮ ሰዓት አክብሮ ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ ተቆልፎ ከዋለ የሚያየው ማን ነው? የዕቅዱ አውጪዎች ናቸዋ፣ እነሱም ለግምገማ ሲመጡ። ሙዚየም የሕዝብ የሚሆነው ለሕዝቡ በሚመች ሰዓት በሩ ሲከፈት ነው፤ ይህን አንድ መስመር ጻፉልኝ ብዬ ለመንኩ። «እሱ በአፈጻጸም መመሪያ ይታያል» ተባልኩ።

ሁለተኛው ቀን ደግሞ ስዎት የሚሉት መጣ። ጥንካሬ፣ ድክመት፣ መልካም አጋጣሚ፣ ስጋት። እኔ ስጋት ቡድን ውስጥ ተመደብኩ፤ በዕድሜዬ አይተው ይሆናል። ጓደኞቼ የዓለም ኢኮኖሚ መዋዠቅ፣ የአየር ንብረት ለውጥ፣ የምንዛሪ እጥረት እያሉ ሲጽፉ እኔ «ቆዳ በል ጥንዚዛ» በሉ አልኩ። ተያዩ።

ይቺን ጥንዚዛ ላስተዋውቃችሁ። ራሷ ከስንዴ ፍሬ አትበልጥም፤ ጥፋቱን የሚያደርሰው ግን ፀጉራሙ እጯ ነው። ተሞልቶ የቆመ እንስሳ ሆድ ውስጥ ገብቶ፣ ከላይ ሳይታወቅ፣ ቆዳውንና የላባውን ሥር በጨለማ ይበላል። ምልክቱ ከናሙናው ሥር የሚገኝ ዱቄት የመሰለ ኩስና ገልፎ የጣለው ልብሱ ነው። ያንን ዱቄት ጽዳት ሠራተኛ አቧራ ነው ብላ ከጠረገችው አለቀ፤ ከወራት በኋላ ወፉን ስታነሡት ላባው እጃችሁ ላይ ይቀራል። መድኃኒቱ ደግሞ ረቂቅ አይደለም። አዲስ ናሙና ሁሉ ከመግባቱ በፊት በላስቲክ ተጠቅልሎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ ሰንበት ብሎ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ በየጊዜው መሳቢያ እየከፈተ ሥሩን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። አንድ ፍሪዘርና አንድ ዓይኑ የማይደክም ሰው፣ በቃ።

ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «አባባ፣ ይሄ የሥራ ዝርዝር ነው እንጂ ስትራቴጂያዊ ጉዳይ አይደለም።» የምንዛሪ እጥረት ቀይ ቀበሮ በልቶ አያውቅም። ጥንዚዛዋ ግን ጉባኤው እስኪያልቅ አትጠብቅም።

እኔ ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። አስተምርበት በነበረ አንድ ትምህርት ቤት አንዲት ቁም ሳጥን ነበረችን። ውስጧ ያለው ሁሉ ተማሪዎቼ የለቀሙት ነው፦ የፍልፈል ራስ ቅል ከነረጃጅም ጥርሱ፣ የጋጋኖ ላባ፣ በጋዜጣ መሐል ተጭኖ የደረቀ የጓሳ ሣር ከነሥሩ፣ አልኮል ውስጥ የተኛ አንድ እባብ። እያንዳንዱ በእርሳስ የተጻፈች ወረቀት ነበረችው፤ የት ተገኘ፣ መቼ ተገኘ፣ ማን አገኘው። በእርሳስ የሆነው የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ሲነካው ስለሚሟሟ ነው። ልጆቹ ስማቸው ወረቀቷ ላይ ስለሰፈረ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ እየጎተቱ ያሳዩ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤቱ ስዛወር አዲስ አስተዳደር መጣና የጽዳት ዘመቻ ታወጀ። ቁም ሳጥኗ ቀለም ተቀባች። አጥንቶቹ በኦሞ ታጠቡ። «ያረጁ ወረቀቶች» ተለቅመው ተቃጠሉ። ኋላ ሄጄ ባይ እባቡ አልኮሉ ተንኖበት ከብልቃጡ ሥር ተጠቅልሎ ደርቋል፤ ያ እባብ ሁለት ጊዜ ሞተ። የፍልፈሉ ራስ ቅል አለ፣ ነጽቷል፣ ያበራል፤ ከየት እንደመጣ ግን የሚያውቅ የለም። የተገኘበት ቦታና ቀን የጠፋበት አጥንት ለሳይንስ አይሆን፣ ለሾርባ አይሆን።

ለዚህ ነው «ተልዕኮ» እና «እሴት» እየተባለ ቀኑ ሲመሽ የሚያንገበግበኝ። ሙዚየም የሚሞተው ራዕይ አጥቶ ሳይሆን አልኮል የሚጨምርበት ሰው አጥቶ ነው።

ሙዚየሙ አያስፈልግም የምል እንዳይመስላችሁ። ያስፈልጋል እንጂ! ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ አገራችንን ዞሮ ተመለሰና ጭላዳን፣ ዋልያን፣ ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ዓለም ስም አወጣላቸው። የሰበሰበውን ያስገባው ፍራንክፈርት፣ ሴንከንበርግ ሙዚየም ነው። የመንዝ ልጅ ጭላዳን በየማለዳው ከገደል ሲወጣ ያየዋል፤ የሩፔልን ስብስብ ልይ ቢል ግን ቪዛ ተሰልፎ ይጠብቃል። ድንቅነሽም ብትሆን፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሃዳር ላይ ተገኝታ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ከተኛችበት ተነሥታ አዲስ አበባ ገባች፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2013 ደግሞ አሜሪካ ከርማ ተመለሰች። የሃዳር አርብቶ አደር አገሩ ያበቀለችውን ልይ ቢል አዲስ አበባ ድረስ ይምጣ። በእኛው በሰሜን ሸዋ፣ ሙሽ ሸለቆ፣ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ቅጠል ድንጋይ ውስጥ ተጋድሞ ይገኛል፤ ድንጋዩ ሲሰነጠቅ የቅጠሉ ጅማት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ይህን ያላየ ተማሪ ስንት አለ? እና ሙዚየም በየሰፈሩ ቢከፈት እኔ ነኝ የመጀመሪያው ዘበኛ።

አወያይዋም ብትሆን ባዶ እጇን አልመጣችም። ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ፕራግ ላይ ተሰብስቦ ሙዚየም በማኅበረሰቦች ተሳትፎ የሚሠራ ተቋም መሆኑን በደንቡ እንዳስገባ አሳየችን። ደስ አለኝ። «እንግዲያው ማኅበረሰቡን ምን ማየት እንደሚፈልግ ጠይቃችሁታል?» አልኩ። መጠይቅ እየተዘጋጀ ነው፣ 42 ጥያቄ አለው፣ ሙከራ ይቀረዋል አሉ።

እኔ ደግሞ በጡረታዬ ሥራ ስለማጣ አነባለሁ። ዋሽንግተን ውስጥ፣ አናኮስቲያ በሚባል የጥቁሮች ሰፈር፣ ስሚዝሶኒያን የሚባለው የሙዚየሞች ተቋም እ.ኤ.አ. በ1967 አንድ አሮጌ ሲኒማ ቤት አድሶ የሰፈር ሙዚየም ከፈተ። ኃላፊው ጆን ኪናርድ የሚባል ሰባኪ ነበር። የሰፈሩን ልጆች ሲያዳምጥ ልጆቹ የሚያወሩት ስለ አይጥ ሆነ፤ ቤታቸው ውስጥ ስለሚርመሰመሰው፣ ስለሚነክሳቸው። ሰውዬው «ይህ ከራዕያችን ጋር አይጣጣምም» አላለም። እ.ኤ.አ. በ1969 የአይጥ ኤግዚቢሽን አቀረበ፤ ሕይወት ያለው አይጥ ጭምር! አይጥ እንዴት እንደሚራባ፣ ምን በሽታ እንደሚያመጣ፣ እንዴት እንደሚጠፋ። የተፈጥሮ ታሪክ እንዲህ ነው እንጂ፤ የሚነክስህን አውቀህ ቤትህ ትገባለህ።

መንዝን ብትጠይቁት ደግሞ የመጀመሪያ ጥያቄው ይታወቃል፦ ይሄ ቀይ ቀበሮ በግ ይበላል ወይስ አይበላም? ይህን የመሰለ ክፍል ነው እኔ የምፈልገው። በአንድ በኩል የቀይ ቀበሮ ራስ ቅል፣ በሌላው የተራው ቀበሮ ራስ ቅል፣ ጎን ለጎን። የቀዩ አፍንጫ ሾጣጣና ቀጭን ነው፤ የዕለት ጉርሱ አይጥና ፍልፈል ስለሆነ። ግልገል አልነካም ብሎ አይምልም፤ ይሁን እንጂ ስንት ጊዜ በሌላው ኃጢአት ድንጋይ እንደተወረወረበት እረኛ ቆሞ ይመስክር። ከጎኑ ደግሞ ሌላ ነገር ይለጠፍ። ጓሳ ላይ ተመራማሪዎች ተቀምጠው ሲቆጥሩ ቀይ ቀበሮ ጭላዳ መንጋ መሐል ገብቶ አይጥ ሲያድን 67 ከመቶ ይቀናዋል፤ ብቻውን ሲያድን ግን 25 ከመቶ ብቻ። ጭላዳውም ያውቀዋል፤ ውሻ ሲያይ ይሸሻል፣ ቀይ ቀበሮ በመሐሉ ሲያልፍ ግን ሣሩን መንጨቱን አያቋርጥም። የእረኛ ልጅ ይህን ሲያነብ «ይህንንማ እኔም አይቼዋለሁ» ይላል። ያን ጊዜ ሙዚየሙ የሱ ሆነ። ደግሞ እግረ መንገዱን በሙዚየሙ ግቢ በዓመት አንዴ ውሻ ይከተብ፤ ቀይ ቀበሮን የሚፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው ከኛው ደጅ ነውና። ይህንንም ብል «የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት ሥልጣን ነው» ብለው ዘጉብኝ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያናድደኝ ልምጣ። የመንዝ ሰዎች ዕቅድ ማውጣት እንዲማሩ ነው ከቢሾፍቱ አሠልጣኝ የታዘዘልን። መንዝ! እነዚያ አስቦና ጌራ የሚባሉት አባቶች ልጆች ጓሳን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቀው ያቆዩ ናቸው። ቦታው 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ከ3,200 ሜትር ይጀምራል፤ ውሃው ግማሹ ወደ ዓባይ፣ ግማሹ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ፣ ለጅራፍ ይሆናል። ስለዚህ እንደፈለገ አይታጨድም ነበር። ተጠቃሚው አፈሮ የሚሉትን አለቃ ይመርጥ ነበር። ሣሩ እስኪያገግም ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ተዘግቶ ይከርም ነበር። ሲደርስ አፈሮው አይቶ የሚከፈትበትን ቀን በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በገበያ፣ በቀብር ላይ ያስነግር ነበር። በበጋ ይከፈት ነበር፤ ክረምት ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ከብቱ ወጥቶ ይዘጋ ነበር። ጥበቃው በተራ ነበር፤ ተራውን የቀረ፣ ሰርቆ ያጨደ፣ ቤቱ እስከ መቃጠል የሚደርስ ቅጣት እንደነበረበት ሽማግሌዎች ያወራሉ። እኔ ቤት ይቃጠል አልልም። ግን አስተውሉ፦ ምን እንደሚጠበቅ ይታወቅ ነበር፣ ማን እንደሚጠብቅ ይታወቅ ነበር፣ መቼ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ይታወቅ ነበር፣ ያጠፋ ምን እንደሚደርስበት ይታወቅ ነበር። ይህ ሁሉ ያለ ፍሊፕ ቻርት።

ሥርዓቱን የሰበረው ድርቅም አንበጣም አይደለም። ድንቅነሽ በተገኘች በዚያው ዓመት፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ርስቱም ቀሮውም አብረው ወደቁ። ገባሩ መሬት ማግኘቱን እኔም በጊዜው ደግፌ ሰልፍ ወጥቻለሁ፤ ጓሳ ግን ባለቤት አጣ፣ ያገኘ ሁሉ አጨደው፣ አጋጠው። በኋላ የየቀበሌው ሰው እንደገና ተሰብስቦ፣ ኮሚቴ መርጦ፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ ነው ያዳነው። ጭላዳውም፣ ቀይ ቀበሮውም፣ ጅብራውም ዛሬ ያሉት በዚህ ነው። እንግዲህ ለእነዚህ ሰዎች ነው «የጋራ ሀብት አስተዳደር መግቢያ» የሚል ሥልጠና የተያዘላቸው፤ ለዚያውም በሁለተኛው ዓመት፣ ሦስተኛው ሩብ ላይ።

መጨረሻ ላይ በጀቱን አየሁት። አንድ ባለ ሁለት ጋቢና መኪና፣ ሌላ አንድ ባለ ሁለት ጋቢና መኪና፣ የውጭ አገር የልምድ ልውውጥ ጉብኝት፣ የአቅም ግንባታ፣ የመካከለኛ ዘመን ግምገማ፣ የመጨረሻ ግምገማ። ናሙና የሚሰበሰብበት፣ የሚቀመጥበት፣ የሚጠበቅበት ገንዘብ ፈልጌ ፈልጌ «ልዩ ልዩ ወጪዎች» ከሚለው ሥር፣ ከቶነርና ከሻይ ቅጠል ጋር ተደባልቆ አገኘሁት። ፍሪዘሩ የለም። ጣሪያው በአራተኛው ዓመት ነው።

ዕቅዱ በጭብጨባ ጸደቀ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ልጅቷ አሳዘነችኝ።

አሁን ግን ይህን የምታነቡ የዕቅድ ሰዎች ሁሉ፣ ልመና አለኝ። ቀጣዩን ስብሰባ መሐል ሜዳ አድርጉት፣ በገበያ ቀን። የጓሳን ኮሚቴ ከፊት አስቀምጡ። ከአንዱ መኪና ሒሳብ ላይ ፍሪዘር፣ አልኮልና እርሳስ ግዙ። የሚከፈትበትን ሰዓት ከምእመኑና ከገበያተኛው ጋር ተስማሙ፣ ከዚያ ወዲያ ራዕዩን እንደፈለጋችሁ ጻፉት፣ አፍሪካንም ዓለምንም ጨምሩበት፣ አልቃወምም። ወንበር ከጎደለ ከቤቴ አመጣለሁ። እናንተ ብቻ ወፍራም ልብስ ይዛችሁ ኑ።